በጀቱን የመረቅንበት ቀን

የከተማዋን ስም አልጠራም። አሜሪካ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አትርቅም፤ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ የቆሻሻ መኪና ያላት፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምታልቅ ከተማ ናት። እኔ ማዘጋጃ ቤቷ ውስጥ ከአንዲት መስኮት ኋላ ተቀምጬ የፓርኪንግና የካሜራ ቅጣት እቀበል ነበር። ስለዚህ የከተማ በጀት ከየት እንደሚመጣ ማንም አያስተምረኝም። ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ሲረግመኝ አይቼዋለሁ።

የበጀቱ ዋና ምሰሶ የቤት ግብር ነው። ኮረብታው ላይ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች ቼካቸውን በፖስታ ስለሚልኩ ፊታቸውን አናየውም። ከስቴቱ የሚመጣ አለ፤ ከፈቃድ፣ ከኪራይ ቤት ምርመራ፣ ከዚህም ከዚያም የሚቃረም አለ። የቀረው በእኔ መስኮት ይገባል። ከላንግሊ ፓርክ ተነስቶ ወደ ጽዳት ሥራው የሚሮጠው፣ ልጁን አድርሶ ወደ ሀያትስቪል የሚመለሰው፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሳይዝ የፍጥነት መቆጣጠሪያዋ ካሜራ ብልጭ ትልበታለች። የተተከለችው ለተማሪዎች ደኅንነት ነው ይባላል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ሲበተኑም ግን ብልጭታዋ አይቋረጥም ነበር። ሰዎቹ የቅጣት ወረቀታቸውን በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው ይመጣሉ።

አንድ ቀን አንድ ያገሬ ልጅ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ሦስት ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቴን ሲያይ ፊቱ በራ።

“እህቴ፣ አንዷን እንኳን ዌቭ አታደርጊልኝም፣ አትሰርዢልኝም?”

“አልችልም ወንድሜ። ሲስተሙ አይፈቅድልኝም።”

“ታዲያ ሐበሻ ያስቀመጡት ለምንድን ነው? ለጌጥ?”

ከፍሎ ሲወጣ “እግዜር ይይልሽ” አለኝ። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ። እንዲህ ያለ እርግማን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማ ስለነበር ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልለመድኩትም። ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው እጄን እስከ ክርኔ መታጠብ ነበር።

እዚያ ቦታ ያቆየኝ ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ እናቴና አባቴ እዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር። እናቴ በአረጋውያን አፓርትመንት፣ አባቴ በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ በነርሲንግ ሆም፣ ማለት በሕሙማን መጦሪያ ቤት። አባቴን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግራ ጎኑ አይታዘዝም፣ ንግግሩም ጠፍቷል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ክፉዎች አይደሉም። ችግሩ አባቴ ከማንም እጅ አለመብላቱ ነበር። ማንኪያ ሲያይ ጥርሱን ነክሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እናቴ ፍትፍቱን በእጇ ጠቅልላ “በል እንግዲህ፣ አታስለፋኝ” ስትለው ግን አፉን ይከፍታል። ከእኔ እጅ እንኳን እምቢ ይላል፤ ሞክሬ አፍሬያለሁ። ሐኪሟ ክብደቱ የተመለሰው በእናቴ ምክንያት መሆኑን ነግራናለች።

እናቴ መኪና አትነዳም፣ እንግሊዝኛዋም ከሰላምታ አያልፍም። የምታጓጉዛት የከተማዋ ትንሽ ነጭ አውቶቡስ ነበረች። ከአረጋውያኑ ሕንፃ ደጅ ተነስታ፣ በክሊኒኩና በገበያው በኩል ዞራ፣ ነርሲንግ ሆሙ በር ላይ ታቆማለች። ለሽማግሌ በነፃ ነው። ሹፌሩ እናቴን ስለሚያውቃት ከዘገየች ጥሩምባ ነፍቶ ይጠብቃታል። በዚያች አውቶቡስ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የልጅም የጎረቤትም ፊት ሳታይ፣ ሄዳ ባሏን አብልታ ትመለሳለች። አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ማንንም ሳትለምን የምታደርገው ነገር ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ የቤት ዋጋ ወደቀ። ቤት ሲወድቅ የቤት ግብርም አብሮ ይወድቃል፤ ግብር ሲወድቅ መቀስ ይመዘዛል። ረቂቁ በጀት ታትሞ ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ፣ ማንም እንዲያነበው በሰንሰለት ታስሮ ተቀመጠ። በምሳ ሰዓቴ ቆሜ አነበብኩት። አውቶቡሷ አንዲት መስመር ተሰጥቷታል፤ ከጁላይ ጀምሮ ታቆማለች። ሁለት ገጽ ሳልገልጥ ደግሞ የከተማዋን መግቢያ የሚያሳምር፣ ከሥሩ ውሃ የሚፈስበት የድንጋይ ምልክት አገኘሁ። ትንሽ ዝቅ ሲል “ነዋሪዎችን በተሻለ ለማዳመጥ” ለሚጠና ጥናት ለአንድ አማካሪ ድርጅት የሚከፈል አለ። ሰውን ከአውቶቡስ አውርደህ፣ ባወረድከው ገንዘብ እንዴት እንደምታዳምጠው የሚነግርህ ሰው ትቀጥራለህ። ቆሜ እያነበብኩ የያዝኩትን ሳንድዊች ጣልኩት።

ቅጣት ከምንቀበልባቸው ሁለት መስኮቶች የሁለተኛዋ ሠራተኛ፣ ማለት እኔ፣ አልተነካሁም። መስኮቷ ከምትበላው የምታገባው ስለሚበልጥ ነው። አለቃዬ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ረቂቁን ሳነብ አይታኝ ኖሮ ከሰዓት ወደ ወንበሬ መጣች። የእናቴን ጉዳይ ታውቃለች፤ በጣም እንዳዘነች ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አውቶቡሷ እንድትቆይ ከተደረገ ገንዘቡ ከሆነ ቦታ መቆረጥ እንዳለበት፣ ቀጥሎ ያለው ስም ደግሞ የእኔ መስኮት መሆኑን ሹክ አለችኝ። “ዛቻ አይደለም፣ እንድታውቂው ብዬ ነው” ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ያን ቀን ትከሻዬ እስከ ማታ ሲቀፈኝ ዋለ።

ሕዝቡ በበጀቱ ላይ ሐሳቡን የሚሰጥበት ቀን ተቆረጠ፤ እዚያ ሂሪንግ ይሉታል። በሕንፃው ያሉ ሐበሻ አረጋውያን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡና አንድ ተናጋሪ መረጡ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ማዘጋጃ ቤት ከእሳቸው የሚበልጥ ማን ያውቃል ተባለ። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። እናቴ ወደ ጥግ ወሰደችኝና “ስለ አባትሽ ምሳ ንገሪልኝ። ሌላውን ጋሼ ይናገሩት። አንቺ እሱን ብቻ ንገሪልኝ” አለችኝ። እሺ አልኳት።

የተናጋሪ ፎርም ነበር። ከተማዋ በብዙ ቋንቋ አስተርጉማዋለች፤ በአማርኛም አለ። ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ ሁለት ሣጥን፦ በጀቱን እደግፋለሁ፣ በጀቱን እቃወማለሁ። ሦስተኛ የለም። ብዕሬን ወደ ሁለተኛው ስወስድ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አውቶቡሷ እንዳትቀር አይደል የምንጠይቀው ጋሼ? እቃወማለሁ የሚለውን ልሞላልዎት ነው።”

“ተቃዋሚ ብለሽ ልትጽፊኝ?”

“ሰውን አይደለም እኮ፣ በጀቱን ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ነው የተቀመጥኩት። ሰው ይሞታል፣ መንግሥት ይለወጣል፣ ፋይል ግን አይሞትም። ‘ተቃዋሚ’ የምትል ወረቀት ስንቱን እንደበላች እኔን ጠይቂኝ። ለዜግነት፣ ለሲቲዝንሺፑ፣ አሻራ ሰጥቼ ኢንተርቪው የምጠብቅ ሰው ነኝ። ነገ አንዱ ፋይሌን ገልጦ፣ ይሄ ሰውዬ ስንጦረው ተቃወመን ቢልስ?”

“እዚህ እንደዚያ አያደርጉም ጋሼ።”

“ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ደግፌያለሁ በይ። ችግራችንን በአፌ፣ በጨዋ ደንብ አስረዳቸዋለሁ። ባለሥልጣን ሲከበር ነው የሚያደርግልሽ።”

ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም አሻራ የሰጡ፣ ኢንተርቪው የሚጠብቁ ናቸው። እናቴ ብቻ አልነቀነቀችም፤ እኔን ታየኛለች። እቃወማለሁ ብለን ሞልተን በአፋችን ማመስገን እንችል ነበር፤ ደግፈን ሞልተን በአፋችን መቃወም ግን እንደማይቻል አውቅ ነበር። ያንን ፎርም ሰብስባ የምትደረድረው፣ ሁለቱን ሣጥን ቆጥራ ሠንጠረዥ የምትሠራው አለቃዬ ናት። እሱንም አውቅ ነበር። እያወቅኩ “እደግፋለሁ” ላይ ምልክት አደረግኩ። ሽማግሌ አክብሬ ነው አልኩ ለራሴ። ግማሹ እውነት ነው።

በሂሪንጉ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ከኮረብታው የመጡት ቀድመው ተመዝግበው ስለነበር እነሱ ተናገሩ። አንዱ ሰውዬ ስለ ውሾች መናፈሻ ሰንጠረዥ አሳትሞ መጥቷል፤ የአጥሩ እድሳት መቀነሱን ሲሰማ እንቅልፍ እንዳጣ ተናገረ። ጠረጴዛውን መታ። “ልታፍሩ ይገባል” አላቸው፣ ፊት ለፊት። ሰዓቱ ማለቁን የሚነግረው ደወል ሲደወል “ገና አልጨረስኩም” ብሎ ቀጠለ፤ ማንም አላስቆመውም። ከንቲባዋ በትኩረት ትጽፋለች። አንዲት ሴትዮ ስለ ኦክ ዛፎች አለቀሰች፤ ሶፍት አቀበሏት። አስጠሉኝ። ደግሞም ቀናሁባቸው፤ እንዲያ ያለ አፍ ለአንድ ቀን እንኳን ቢያውሱኝ ብዬ ተመኘሁ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ሦስት ደቂቃ ተሰጠን፤ ማስተርጎሚያውም ከዚያው ነው። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እጅ ነሱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለቃዬ ፎርሞቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አየችኝና ፈገግ አለች።

“የተከበራችሁ ከንቲባና የምክር ቤት አባላት” አሉ ጋሼ፣ “ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ከሩቅ አገር የመጣን አረጋውያንን ይህ መንግሥትና ይህ ሕዝብ እንደ ወገን ተቀብሎ፣ ቤት ሰጥቶ፣ ሐኪም ሰጥቶ ስላኖረን ምስጋናችን ከልብ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ። ዕድሜያችሁን ያርዝመው። ወንበራችሁን ያጽናላችሁ።”

ተረጎምኩ። አንዲትም ቃል አልዘለልኩም። ወንበራችሁን ያጽናላችሁ ስል አዳራሹ በደስታ ሳቀ፤ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ስልኩን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጋሼ ሳቁን ሲሰሙ ልባቸው ሞላ፤ ቀጠሉ። ስለ መንገዱ ጽዳት አመሰገኑ። በበረዶ ጊዜ ጨው ስለሚበትኑት ሠራተኞች አመሰገኑ። ሰዓቱ ሊያልቅ መሆኑን የሚያሳየው ቢጫ መብራት በራ። ያኔ ማድረግ የነበረብኝን አውቀዋለሁ። የእሳቸውን ምርቃት በልቼ፣ “አንዲት ሴት በዚህች አውቶቡስ ሄዳ ባሏን ካላበላችው ሰውዬው ጦሙን ይውላል” ማለት ነበረብኝ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጋሼ እንግሊዝኛ አይሰሙ፣ ማን ያውቅብኝ ነበር? አለቃዬ።

“አውቶቡሷን በሚመለከት” አሉ ጋሼ በመጨረሻ፣ “እናንተ አባቶቻችን ናችሁ፤ ከእኛ የተሻለ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ…”

ደወሉ ተደወለ። ጋሼ ደወል አክባሪ ሰው ናቸው። እጅ ነሥተው ኮፍያቸውን አድርገው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ጭብጨባው ለውሾቹ መናፈሻ ከተጨበጨበው ይበልጥ ነበር። እናቴ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብላ “ምሳውን ነገርሻቸው?” አለችኝ። “ሰዓቱ አለቀ እማዬ” አልኳት። ከፊታችን የተቀመጠችው ወጣት አሜሪካዊት ዞር ብላ “ምን ያለ ውብ ባህል ነው” አለችን። እግሬ ሥር ልተፋ ምንም አልቀረኝም።

በሁለተኛው ሳምንት በጀቱ ጸደቀ። የውሾቹ አጥር ተመለሰ። ዛፎቹ ተረፉ። ከንቲባዋ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስትናገር፣ ከባድ ውሳኔ መሆኑን፣ ነገር ግን አውቶቡሷን የሚጠቀሙት አረጋውያን ጭምር ቀርበው በጀቱን እንደደገፉ፣ ያ የምስጋና ቃል እስካሁን ልቧን እንደሚያሞቀው ተናገረች። በከተማው የኬብል ቻናል እያየሁ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። በማግስቱ አለቃዬ ኬክ ይዛ መጣች፤ መስኮቷ ተርፋለች። በላሁላት።

ጋሼ ሲሰሙ ደነገጡ። “አክብረን ተናገርን እኮ” አሉ። “ጨዋ ሰው ግማሹን ሲነግሩት ሙሉው ይገባው ነበር።” ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ቶሎ ቶሎ ብተረጉም ኖሮ ሰዓቱ ይበቃ እንደነበር ነገሩኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ልቆጣ ነበር፤ ምን ብዬ? እከኩ በከፊል የእኔ ነበር።

የድንጋዩን ምልክት ሲሠሩ “እንኳን ደህና መጡ” የሚለውን በነዋሪዎች ቋንቋ ሁሉ ሊጽፉበት ፈለጉ። አማርኛውን ወረቀት ላይ አትመው ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥላቸው ወደ መስኮቴ አመጡት። አየሁት፤ ትክክል ነበር። ፈረምኩበት። አውቶቡሷ መምጣት ባቆመች በወሩ ምልክቱ ተመረቀ፣ ውሃውም ፈሰሰ። በዚያ በኩል ማለፍ ስለቀፈፈኝ ወደ ሥራ የምሄድበትን መንገድ ቀየርኩ።

እናቴ መጀመሪያ በሌላ አውቶቡስ ሞከረች። ሁለት ጊዜ መቀየር አለበት፤ መሀል ላይ ሰፊ አውራ ጎዳና ይሻገሩታል። ላንግሊ ፓርክ ላይ ተሳስታ ወርዳ፣ ፍራፍሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት በስልኳ ደወለችልኝ። ስደርስ ምሳውን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ አትሄጂም አልኳት። ጎረቤት እየለመነች ጥቂት ጊዜ ሄደች፤ የሰው ፊት እሳት ነው፣ ተወችው። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድሜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ መስኮቴ ላይ ነኝ፤ የምሳ ሰዓቴ ግማሽ ሰዓት ነው። ማታ የጠያቂ ሰዓቱ ያልቃል፤ እሑድ ሌላ ቦታ እሠራለሁ፤ የቀረን ቅዳሜ ብቻ ሆነ።

አባቴ ከሳ። ከነርሲንግ ሆሙ ደውለው በሆዱ ቱቦ ስለማስገባት ማውራት ጀመሩ። እናቴ ያን ሰሞን ራሷም አልበላ አለች። በየምሽቱ ስልክ ደውዬ “ቀመስሽ ወይ?” እላታለሁ፤ “ቀምሻለሁ” ትለኛለች፤ ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ነርሷ ራሷ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ደስተኛ ነበር። መብላት ጀምሯል አለችኝ። አንዲት ከሳልቫዶር የመጣች ረዳት ታግሳ ታግሳ አስለምዳዋለች። ለእናቴ ስነግራት ተንበርክካ አመሰገነች።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። እናቴ ዶሮውን ሌሊት ተነስታ ሠርታዋለች። አባቴ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሞላ ብሏል። ረዳቷ አልጋውን እያነጠፈች ነበር። እናቴ እጇን ታጠበች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጠቅልላ አነሳችለት። “በል እንግዲህ፣ አታስለፋኝ” አለችው።

አባቴ አፉን አልከፈተም። ጣቶቿን አየ፤ ከዚያ አንገቱን በቀስታ አዙሮ ረዳቷን ፈለጋት። እናቴ እጇን አላወረደችም። ሁለተኛ ጠራችው፣ በቤት ስሙ። ጥርሱን ነከሰ።

ረዳቷ በጣም አፈረች፤ እንዳላየች ለመሆን ትራሱን ደጋግማ መታችው። እናቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችና ሳህኑን ለሴትዮዋ ሰጠቻት። “ዩ” አለቻት። “ዩ ጊቭ።” ሴትዮዋ በማንኪያ አበላችው። ሁሉንም በላ። እናቴ እስኪጨርስ ድረስ ቅባት የነካ እጇን ጭኗ ላይ ክፍት አድርጋ ተቀምጣ አየችው።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት “ደህና በላ” አለች።

“አዎ እማዬ፣ ደህና በላ።”

“እንኳንም በላ።”

“ለምዶ ነው እኮ። ደግሞ ያንቺን ይለምዳል።”

መብራት ላይ ስንቆም ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

“ያን ቀን አለቃሽን አይተሽ አንደበትሽ ሲያዝ አይቻለሁ። እንጀራዋ ነው ብዬ አልተቀየምኩሽም።”

“እማዬ…”

“ዛሬ ግን ተቀይሜሻለሁ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ነዳሁ። ሕንፃዋ ደጅ ላይ አወረድኳት፤ ይቅርታ የምልበት አፍ አልነበረኝም።